በንግሥ ቀን የተሞላው ሰዓት

ወንድሜን በዛብህን ሞቶ ያገኘሁት እኔ ነኝ። የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ባለፈ በማግሥቱ፣ ከተማው ከበዓሉ ድካም ገና ሳይነቃ፣ ከዚራ ሰፈር ወዳለው የሰዓት መጠገኛ ሱቁ ሄድኩ። የፊት በሩ ተዘግቷል። በዛብህ ከመንገዱ ሁሉ ቀድሞ የሚከፍት ሰው ነው። ከሱቁ ኋላ ባለችው ክፍል ብቻውን ስለሚኖር፣ ጉልበቱ አሞት ተኝቶ ይሆናል ብዬ በጓሮ ዞርኩ። የጓሮው በር ገርበብ ብሏል።

"በዛብህ! ጸበል አምጥቼልሃለሁ፣ ተነስ እንጂ!"

በሩን ገፍቼ ገባሁ። ብረት መቆንጠጫው ሞርሳ ከታሰረበት ጠረጴዛ ሥር በጎኑ ወድቋል። ከጭንቅላቱ የፈሰሰው ደም ሲሚንቶው ላይ ደርቆ ጠቁሯል። ሲሠራ ዓይኑ ላይ የሚያደርጋት አጉሊ መነጽር ግንባሩ ላይ እንደተገፋች ነበረች።

ጮኬ ይሆናል፣ አላስታውስም። መጀመሪያ የደረሰው ጓሮውን የሚጋራን ጎረቤታችን ዐብዲናሲር ነው። የእጅ ሰዓትና የስልክ ዕቃ ይሸጣል።

"ያ ረቢ! አትንኪው ዘርፈሽ! ወላሂ አትንኪው!" ብሎ ወገቤን ይዞ ወደ ውጭ ጎተተኝ።

ያቺ "አትንኪው" ያላት ቃል ኋላ ጣጣ ሆነችበት።

ምርመራውን የያዘው ኢንስፔክተር ዓዋሌ የሚባል ረጅም፣ ቀጭን፣ ችኮላ የማያውቅ ሰው ነው። አብራው የመጣችው ሳጅን ኑሀሚን ስለ እሱ ስትናገር "ሲያስብ በሶማሊኛ፣ ሲጠይቅ በአማርኛ፣ ሲናደድ በኦሮምኛ ነው፤ በአማርኛ እስካናገረሽ ድረስ አትፍሪ" አለችኝ። ላጽናናሽ ብላ ነው።

ዓዋሌ ሱቁ መሐል ቆመና እጁን አነሳ።

"አቦ ዝም በሉ። የሆነ ነገር ይሰማኛል።"

ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ። ድምፁን እየተከተለ ሄዶ ከጠረጴዛው በላይ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለው የኪስ ሰዓት ፊት ቆመ።

"ይሄ የማነው?"

"የአባታችን ነው።"

"ማን ነው የሚሞላው?"

"በዛብህ። በየጠዋቱ። አባታችን ካረፈ ወዲህ ቆሞ አያውቅም።"

"ካልሞሉትስ?"

"አንድ ቀንና ትንሽ ይሄዳል። ከዚያ ይቆማል።"

ሰሌዳው ላይ የተደረደሩትን የደንበኞች ሰዓቶች አየ። የሚሞሉት ሁሉ ቆመዋል።

"እነዚህን ለምን አልሞላቸውም?"

"ትናንት በዓል ነበራ። በበዓል የደንበኛ ሰዓት አይነካም። የአባታችንን ግን በዓልም ቢሆን ይሞላል።"

ዓዋሌ ከኪሱ ባወጣው መሐረብ ይዞ ሰዓቱን ከሚስማሩ አወረደ። ጆሮው ላይ አድርጎ ትንሽ አዳመጠ።

"እንግዲያ ትናንት ጠዋት በሕይወት ነበረ" አለ።

እኔም እንደዚያው ነበር ያሰብኩት።

ከዚያ ከፀሐይዋ ጥላ ፈልጎ በርጩማ ላይ አስቀመጠኝና ይጠይቀኝ ጀመር።

"ትናንት የት ነበርሽ፣ እትዬ ዘርፈሽ?"

"ቁልቢ። በዋዜማው ከማኅበሬ ሰዎች ጋር በእግር ወጣን፣ ትናንት ማታ ተመለስን።"

"ሌላ ቤተሰብ?"

"ታናሻችን ሰይፈ ሚካኤል አለ። እሱም ቁልቢ ነበር። በዋዜማው ማምሻውን በመኪና ደርሶ አገኘኝ። ቅዳሴውን ጎን ለጎን ቆመን ነው ያስቀደስነው።"

"ስትመለሱስ?"

"በሰው ብዛት ተጠፋፋን።"

"ሟች ጠላት ነበረው?"

ልመልስለት ስል ሳጅን ኑሀሚን ከመሳቢያ ያገኘችውን ሰማያዊ ሣጥን ይዛ መጣች። ክዳኑ ላይ የባቡር ሥዕልና የኪስ ሰዓት ሥዕል አለው። "ሀዲድ" ይላል በትልቁ።

"ይሄን ሰዓት እኔም ልገዛ ነበር" አለች። "ባትሪ የለውም፣ ዋጋው የደህና ጫማ ያህል ነው፣ ታሪኩም ደስ ይላል።" ከሣጥኑ ውስጥ ወረቀቱን አውጥታ አነበበች። "'በባቡሩ የመጀመሪያ ዘመን ለሾፌሮች ሰዓት ይሠሩ ከነበሩት የዘርዓብሩክ ቤተሰብ እጅ፣ ከአያት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ…'"

"ዘርዓብሩክ አባቴ ነው" አልኳት።

ወረቀቱን ዝቅ አደረገችው።

"ታዲያ እውነት ነው?" አለ ዓዋሌ።

"አባቴ ለገሃር ፋኖስ ያጸዳ ነበር። ኋላ አንድ ግሪክ ዘንድ ሰዓት መጠገን ተማረ። አንድም ሰዓት ሠርቶ አያውቅም። ይሄን የኪስ ሰዓት ራሱ ቀፊራ ገበያ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ነው የገዛው፣ መስተዋቱ ተሰብሮ።"

"አያትሽስ?"

"መንዝ ገበሬ ነበሩ። ሰዓት አይተው የሚያውቁም አይመስለኝም።"

ኑሀሚን ሳቋ አምልጧት አፏን በእጇ ያዘች። ይቅርታ ጠየቀችኝ።

ነገሩን ነገርኳቸው። ግሩም የሚባል ነጋዴ የሰዓቱን ማሽን ያለቀለት አድርጎ ከቻይና ያስመጣል፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ባለች አዳራሹ ከነመስተዋቱና ማሰሪያው ይገጥመዋል። የሚሸጥ ታሪክ ሲፈልግ እሱ ዘንድ የሚሠራው ወንድሜ ሰይፈ ሚካኤል አባታችንን ሰጠው። ፊልምም ተቀርጾ ነበር። ፊልሙ ላይ ሰይፈ ሚካኤል ነጭ ጋውን ለብሶ "የሦስተኛው ትውልድ ሰዓት ሠሪ" ተብሎ ይታያል።

"ይሠራል?" አለ ዓዋሌ።

"ባትሪ ይቀይራል። እሱንም በዛብህ ከጎኑ ከቆመ።"

በዛብህ ሰዓቱን አልጠላውም ነበር። ደንበኛ ሲያሳየው ከፍቶ አይቶ "ደህና ማሽን ነው፣ በዋጋው እኔም እገዛዋለሁ፤ አባቴን ግን ከሣጥኑ አውጡልኝ" ይላል። ግሩም ለገና ትልቅ ምረቃ አዘጋጅቶ፣ የአባታችንን የኪስ ሰዓት በመስተዋት ውስጥ አድርጎ ለእንግዶች ሊያሳይ ለምኖት ነበር። በዛብህ እንቢ አለ። እንዲያውም መድረኩ ላይ ወጥቼ እውነቱን እናገራለሁ ብሎ ነበር።

ዓዋሌ ወደ ጎረቤት ሱቅ አየ። የዐብዲናሲር መስኮት በሰማያዊ ሣጥን ተሞልቷል።

"ይሄ ሰውዬም ይሸጠዋል?"

"ይሸጠዋል።"

"ተጣልተው ያውቃሉ?"

ዋሽቼ ምን አመጣለሁ? መንገዱ ሁሉ ሰምቷል። በዋዜማው ጠዋት ዐብዲናሲር ሱቁ ደጃፍ ቆሞ "ዋርያ በዛብህ! ገበያዬን ዘጋኸው እኮ! አንድ ቀን ያንን ምላስህን እንደ ሰዓት ነው የምፈታታው!" ብሎ ጮኾ ነበር። በዛብህም "ፈታተህ መግጠም ስለማትችል ተወው" ብሎት ሰው ሁሉ ሳቀ። እነሱ እንደዚያ ነበሩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሲሰዳደቡ ነው አብረው ምሳ የበሉት።

ዓዋሌ ግን አብረው ምሳ ሲበሉ አላየም።

*

ዐብዲናሲርን የጠየቀው እኔ እየሰማሁ፣ ጓሮው ውስጥ ነው።

"ትናንት ይሄ መንገድ ሁሉ ዝግ ነበር። አንተ ብቻ ነህ የከፈትከው።"

"እኔ ቁልቢ አልሄድ፣ ምን ላድርግ? እቤት ቁጭ ብዬ ከሚስቴ ጋር ልጨቃጨቅ?"

"ወደ ጓሮው ገብተሃል?"

"አልገባሁም።"

"ጫት የምትሸጠዋ ሴትዮ ስትገባ አይታሃለች።"

ዐብዲናሲር ፊቱን ጠረገ። "ወላሂ ሽንት ቤት ነው።"

"ሽንት ቤት በካርቶን ነው የምትሄደው? ካርቶን ተሸክመህ ነበር ብላለች።"

ሳጅን ኑሀሚን ጓሮው ውስጥ ያለውን መጋዘኑን ስታስከፍት ከጅቡቲ በኩል ቀረጥ ሳይከፈልበት የገባ የስልክ ዕቃ ተገኘ። አልገባሁም ያለው ለዚያ ኖሯል። ግን አንዴ ዋሽቷል፤ እኔን "አትንኪው" ብሎ ከሬሳው አርቆኛል፤ በዛብህን እንደሚፈታታው በሰው ፊት ተናግሯል፤ የንግሡ ዕለት ጓሮው ውስጥ የታየው እሱ ብቻ ነው።

"ስትገባ የበዛብህን በር አላየህም?"

"ዝግ ነበር። ቁልቢ የሄደ መስሎኝ። ተኳርፈን ስለነበር አላንኳኳሁም።" ወደ በሩ ዞሮ አየ። "ባንኳኳስ ኖሮ?"

"እሱን ጣቢያ እንነጋገራለን" አለ ዓዋሌ።

ሲወስዱት ወደ እኔ ዞሮ "ዘርፈሽ፣ አንቺ ታምኚዋለሽ ይሄን?" አለኝ።

አላመንኩም። አላምንምም አላልኩም። ያን ጊዜ ማን እንደገደለው ይታወቅልኝ እንጂ ሌላ ነገር አልታየኝም ነበር።

*

በማግሥቱ ቀበርነው። ድንኳኑ ውስጥ ሰይፈ ሚካኤል ነጠላውን አደግድጎ ለቀስተኛ ይቀበላል፣ ወንበር ያመጣል፣ "ጋሼ በዛብህ! ጋሼ!" እያለ ያለቅሳል። ሰው ሁሉ "እሱን ያኑርልሽ" ይለኛል። እኔም አሜን እላለሁ። ሌላ የቀረኝ የለማ።

ከሰዓት በኋላ የዐብዲናሲር ሚስት ሶፊ ትልቅ ድስት ምስር ተሸክማ ገባች። ጾም መሆኑን አልረሳችም። ባሏ የታሰረው በእኛ ሬሳ ነው፤ እሷ ግን ቁጭ ብላ ለቀስተኛ ታሳልፋለች። አንዳንዱ ሰው ሰሐኑን ሲቀበላት ፊቷን አያያትም።

ወዲያው ግሩም መጣ። ከኋላው ሁለት ልጆች የአበባ ጉንጉን ተሸክመዋል። ሪባኑ ላይ "የሦስት ትውልድ ሰዓት ሠሪ ቤተሰብ፤ ሀዲድ" ተብሎ ተጽፏል። ሬሳው ከተቀበረ በኋላ የመጣ ጉንጉን መሆኑም አላሳፈረው። ዓዋሌ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበርና ከጎኑ ያለውን ወንበር መታ መታ አደረገለት። ድንኳን ጨርቅ ነው፤ ሁሉን ሰማሁ።

"ሟች ምረቃህን ሊያበላሽብህ ነበር አሉ።"

"ኢንስፔክተር፣ ይሄ የታሪክ ልዩነት ነው። በዓለም ያሉ ትልልቅ ሰዓቶች ሁሉ ታሪክ አላቸው። ሰው ማሽን አይገዛም፣ ታሪክ ነው የሚገዛው።"

"ውሸት ከሆነስ?"

"ደስ ካለው ምን ጎዳው? ገዢው ጎዳኝ ብሎ መጥቷል?"

"በዛብህ መጥቷል።"

ግሩም ጉሮሮውን ጠራረገ። "ዋዜማውንም የንግሡንም ቀን ምረቃው የሚደረግበት ሆቴል ነበርኩ። መድረክ ሠሪውን፣ ሙዚቀኛውን፣ አስተናጋጁን ጠይቅ።"

ያን ጊዜ የእጁ ሰዓት ነዘረና መስተዋቱ በራ። ዓዋሌ ጎንበስ ብሎ አየው። ከስልክ ጋር የሚሠራ፣ ማታ ማታ ሶኬት ላይ የሚሰካ ሰዓት ነው።

"ሀዲድን አታስረውም?"

"እ… ዛሬ ለመልእክት ስለምፈልገው ነው" አለ ግሩም እጅጌውን እየጎተተ።

*

ዓዋሌ ለቀስተኛው ሲቀንስ አጠገቤ መጣ።

"የሆስፒታሉ ውጤት መጣ፣ እትዬ ዘርፈሽ።"

"ምን ይላል?"

"ተገፍቶ ወድቆ ሞርሳው መትቶታል። ወዲያው ግን አልሞተም። እስከ ምሽት ድረስ ሳይቆይ አልቀረም።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የሞተው በንግሡ ቀን አይደለም። በዋዜማው ነው።"

"ሰዓቱስ? ሰዓቱ ይሄድ ነበር እኮ!"

"ይሄድ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬው በዚያው ቀን ማታ ቆመ። ስለዚህ በንግሡ ቀን ሰው ሞልቶታል። በዛብህ ግን ያን ጊዜ መሬት ላይ ነው።"

ከኪሱ ትንሽ ላስቲክ አወጣ። ውስጧ የጣት ጥፍር የምታህል፣ ጫፏ ክፍት ቱቦ የሆነች የነሐስ ቁልፍ አለች።

"ይሄ አንገቱ ላይ ነበር፣ ከማተቡ ጋር ታስሮ። ክሩ ደም ነክቶታል። ቁልፉ ግን ተጠርጓል። ሱቁ ውስጥ ያለ መቆለፊያ ሁሉ ላይ ሞከርኩት፣ የትም አይገባም። የምን ቁልፍ ነው?"

የዚያ የኪስ ሰዓት መሙያ ናት። ሰዓቱ እንደ አሁኖቹ ጎኑ ላይ በምትዞረው እንብርት አይሞላም። የኋላ ክዳኑ ይከፈታል፣ ሁለተኛው ክዳን ይከፈታል፣ ከሥሩ ባለችው ቀዳዳ ቁልፏ ትገባለች። አባታችን እስኪሞት በማተቡ ላይ ያስራት ነበር፤ ከእሱ ወደ በዛብህ አንገት ዞረች። ያየ ሰው ሁሉ የመስቀል ስባሪ ይመስለዋል። ምን እንደሆነች የምናውቅ ሦስታችን ብቻ ነን።

ሦስታችን።

"አላውቅም" አልኩት።

ዓዋሌ ቁልፏን ወደ ኪሱ መለሰ። አልተከራከረኝም። ዓይኔን እያየ "ዐብዲናሲርም አላውቅም ብሏል" አለኝና ሄደ።

ቀና ስል ሰይፈ ሚካኤል ለአንድ ሽማግሌ እጅ ማስታጠቢያ ውሃ ያፈስሳል። አጠገቤ ሲያልፍ ነጠላውን ያዝኩት።

"ዋዜማውን የት ዋልክ?"

"ፋብሪካ።"

"ከዚያስ?"

"ቁልቢ ነዋ። ራስሽ አይተሽኝ የለ?"

"በንግሡ ቀን ከቅዳሴ በኋላስ?"

"እቴ፣ አንቺም ፖሊስ ሆንሽ?" አለና ፈገግ ለማለት ሞከረ። "ተጠፋፋን አላልሽም? መኪና ይዤ ወረድኩ፣ ደክሞኝ ተኛሁ።"

ጎንበስ ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ያሳደግኩት ልጅ ነው። እናታችን ስትሞት ገና ጥርሱን አልቀየረም ነበር። የሳመኝን ቦታ ልጠርገው እጄን ካነሳሁ በኋላ መለስኩት።

ከዚያ ወዲያ ሳየው ሌላ ነገር አላየሁም። ሲያለቅስ፣ ለማን ነው የሚያለቅሰው እላለሁ። ውሃ ሲጠጣ፣ እንዴት ወረደለት እላለሁ። ደግሞ እመለስና፣ በዛብህ ሰዓቱን ሲሞላ ሌላ ሰው በበር አይቶት ቢሆንስ? በዛብህ ለዐብዲናሲር አሳይቶት ቢሆንስ? እላለሁ። ጥፋቱ ዐብዲናሲር ላይ እንዲሆን የፈለግኩበት ጊዜ ነበር።

በነጋው ሶፊ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች።

"ዛሬ ምሳውን ሳደርስለት ምን አለኝ መሰለሽ?" አለች። "'ዘርፈሽ እህል ቀመሰች ወይ?' አለኝ። 'አሁን የምትጠይቀው እሱን ነው?' ብዬ ተቆጣሁት።"

"ምን አለሽ?"

"'ባዶ ሆዷን ብዙ ስታለቅስ ራሷን ያማታል፣ እኔ ነኝ የማውቃት' አለኝ።" ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አፌ አስጠጋች። "እንግዲህ ክፈቺ። ልዋሽለት አልችልም።"

ጎረስኩ።

*

በሠልስቱ ግሩም እንደገና መጣ። ወደ ሰይፈ ሚካኤል ጆሮ ጠጋ ብሎ የኪስ ሰዓቱ ከፖሊስ ለገና ይደርስ እንደሆነ ሲጠይቀው ሰማሁ። ዓዋሌም ከኋላው ገብቶ ሰምቶታል። ሲቪል ለብሷል። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሰዓቱን ከላስቲክ አውጥቶ በእኔና በሰይፈ ሚካኤል መሐል ባለው ጠረጴዛ ላይ አኖረው።

"ለመመለስ ነው ያመጣሁት። ግን ቆሟል። የቆመ ነገር ለባለቤት መመለስ ደስ አይልም።" ወደ ግሩም ዞረ። "ሣጥንህ ላይ ሥዕሉን ያወጣኸው አንተ ነህ። እስኪ ሙላው።"

ግሩም ሣቅ ብሎ አነሳው። አናቱ ላይ ያለችውን እንብርት በሁለት ጣቱ ይዞ አዞረ። ምንም። ጠንከር አድርጎ አዞረ።

"ተበላሽቷል" አለ።

"አልተበላሸም" አለ ዓዋሌ። "ሰይፈ ሚካኤል፣ አንተ የሦስተኛው ትውልድ ነህ። ሞክረው።"

ሰይፈ ሚካኤል ሰዓቱን አልነካውም።

"እኔ እሱን ሞልቼ አላውቅም። ጋሼ በዛብህ ማንንም አያስነካም ነበር። እንዴት እንደሚሞላም አላውቅም።" ከዚያ እኔን አየኝ። "እቴም ታውቃለች። አይደለም እቴ?"

ዓይኑ ይለምነኝ ነበር። አዎ ካልኩት ያበቃል። አንድ ወንድም ይተርፈኛል። ዐብዲናሲር ይከራከራል፣ ጠበቃ ይይዛል፣ ምናልባትም ይወጣል። ሶፊ ድንኳኑ በር ላይ ሰሐን ትሰበስባለች።

ቀድሞ ያን ቃል ባይናገር ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ገድሎት መዋሸቱን እኮ እችለው ይሆናል። የአባቱን ሰዓት አላውቀውም ሲል ግን በዛብህን ዳግመኛ ሲገፋው ታየኝ።

"በዛብህ ታይፎይድ ይዞት የተኛ ጊዜ ማን ነበር የሚሞላው?" አልኩት።

"እቴ…"

"በየጠዋቱ ቁልፏን ከአንገቱ ፈትተህ፣ ሞልተህ፣ መልሰህ ታስርለት የነበርከው ማን ነበር?"

እጄን ወደ ዓዋሌ ዘረጋሁ። ቁልፏን መዳፌ ላይ አኖረልኝ። ክዳኑን ከፈትኩ፣ ሁለተኛውን ከፈትኩ፣ ቁልፏን አስገብቼ አዞርኩ። ሰዓቱ መሄድ ጀመረ።

"ይሄን የምናውቅ ሦስት ነበርን" አልኩ። "አንዱን ቀበርነው። እኔ በንግሡ ቀን እስከ ማታ ቁልቢ ነበርኩ፣ ማኅበርተኞቼ እነዚህ የተቀመጡት ናቸው።"

ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ መለስኩት።

ሰይፈ ሚካኤል መጀመሪያ መሬት መሬት አየ። ሲናገር ድምፁ የልጅነቱን መሰለኝ።

"ገፋሁት እንጂ አልመታሁትም።"

"ለምን?" አለ ዓዋሌ በቀስታ።

"ሰዓቱን ለአንድ ቀን አውሰኝ ብዬ ለመንኩት። መድረክ ላይ ወጥቼ አባታችን ፋኖስ ጠራጊ ነበር እላለሁ፣ አንተም ባትሪ ቀያሪ ነህ እላለሁ አለኝ። እየሳቀ። እንደሚቀልድ ሆኖ።" ፊቱን ሸፈነ። "ዕድሜዬን ሙሉ የሰዓት ሠሪው ወንድም ነኝ። ማንም በስሜ አይጠራኝም። አንድ ጊዜ እኔ ሰዓት ሠሪው ብባል ምን ነበረበት?"

"ሲወድቅ ይተነፍስ ነበር?" አልኩት።

ፊቱን ከእጁ አላነሳም።

"ሰይፈ፣ ይተነፍስ ነበር?"

"ይተነፍስ ነበር። ይነሳል ብዬ ነው የሄድኩት። ሁልጊዜ ስንጣላ እሱ ነው ቀድሞ የሚደውልልኝ። ይደውላል ብዬ።"

"ቁልቢ ከጎኔ ቆመህ ስታለቅስ ነበር።"

"ተነስቶ እንዲሆን ነበር የምለምነው።"

አንዲት ሴት ከኋላ "ወይ ገብርኤል" ስትል ሰማሁ። ዓዋሌ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው።

"በማግሥቱ የመጣኸው ሰዓቱን ልትወስድ ነው?"

"መጀመሪያ ላየው ነው። ከዚያ… አዎ፣ ልወስደውም ነበር። ሳነሳው ቆሟል። አባዬ ከሞተ ቆሞ አያውቅማ። ቁልፏን ፈታሁ፣ ሞላሁት፣ መልሼ አሰርኩለት። ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም። ሲሄድ ስሰማው ልወስደው አልቻልኩም።"

ሳጅን ኑሀሚን ካቴናውን ሳታወጣ ክንዱን ይዛ አስነሳችው። በሩ ላይ ሲደርሱ ግሩም ተከትሏት "ሳጅን፣ ሪፖርቱ ላይ የድርጅቱ ስም ይገባል?" ሲላት ዓዋሌ ዞሮ በኦሮምኛ መለሰለት። ኑሀሚን ቀደም ብላ የነገረችኝን አስታወስኩ።

*

ዐብዲናሲር በዚያው ቀን ተለቀቀ። የቀረጡ ጉዳይ ሌላ ቀጠሮ አለው። ጢሙ አድጎ፣ ሸሚዙ ተጨማዶ፣ ቤቱ እንኳ ሳይገባ ድንኳኑ ውስጥ መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ።

"ቁልፉን አሳይተውሽ ዝም አልሽ አሉኝ" አለ።

"አዎ።"

"እኔ እዚያ መሆኔን እያወቅሽ።"

"እያወቅኩ።"

ጢሙን አሻሸ። "ወላሂ ተናድጄ ነበር። መንገድ ላይ የምልሽን ሁሉ አዘጋጅቼ ነው የመጣሁት።" ድንኳኑን ዙሪያውን አየ። "ግን ወንድምሽ ነው። እኔ ብሆን እስካሁንም አልናገርም ነበር።"

"ይቅር በለኝ" ልለው ስል እጁን አወናጨፈ።

"አቦ ተይኝ አሁን። ይልቅ ስሚ። ምሳ የሚያስገቡት በጊዜ ከመጣሽ ነው። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ፀሐዩም አይቻልም። በላስቲክ የያዝሽውን ይመልሱብሻል፣ በሰሐን አድርጊው። ወጡን መጀመሪያ አንቺን ያስቀምሱሻል፣ አትከፊ፣ ደንቡ ነው።"

"ለእሱ ምግብ አመላልሳለሁ ያለህ ማነው?"

"ታዲያ ማን ሊያመላልስለት ነው?" አለኝ።

በነጋው ምስሩን በሰሐን አድርጌ፣ ነጠላዬን ዘቅዝቄ፣ በባጃጅ ጣቢያው ደጅ ደረስኩ። ዐብዲናሲር እንዳለው ሰልፉ ረጅም ነው። ከፊቴ የቆመች ቀፊራ በርበሬ የምትሸጥ ሴት ልብሴን አየችና ጥላዋ ሥር አስጠጋችኝ።

"ማን ሞቶብሽ ነው፣ እናቴ?"

"ወንድሜ።"

"እግዜር ያጽናሽ። ኀዘን ላይ ሆነሽ ደግሞ እዚህ… ማን ታስሮብሽ ነው?"

"ወንድሜ።"

ሁለት የተለያየ መከራ መስሏት "አይ ያንቺስ" ብላ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ፊቴን ደግማ ስታይ ያልነገርኳት ነገር ገባት። ጥላው ትንሽ ከእኔ ራቀ። ትሄዳለች ብዬ ነበር። አልሄደችም። ጥላዋን ወደኔ አዘንብላ፣ ሰልፉ ሲላወስ አብራኝ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደች።

በሩ ላይ ያለው ፖሊስ ሰሐኑን ከፍቶ ማንኪያ ሰጠኝ።

"ቅመሺው" አለ።

ቀመስኩት። አየኝ፣ ክዳኑን ገጠመና "የማን ነው?" ብሎ ጮኸ ወደ ውስጥ ሊያስተላልፍ።

"የሰይፈ ሚካኤል ዘርዓብሩክ" አልኩ፣ ከኋላ የተሰለፉት ሁሉ እንዲሰሙ አድርጌ።